ሳንጠይቅ የምንታለልባቸው ስህተቶች

በአንድ ዐቢይ ጾም ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ያለው ቤታችን በር ተንኳኳ። ቢጫ ቆብ የደፉ፣ መቁጠሪያ የያዙ ሴት ናቸው። «ከጣና ሐይቁ ገዳም ከዳጋ እስጢፋኖስ ነው የመጣሁ፤ ስምንት ዓመት እዚያው ነው የኖርሁ። ለዕጣንና ለጧፍ ነው» አሉ። እናቴ እግራቸውን አጥባ፣ ሽሮ በእንጀራ አቅርባ፣ 500 ብር ሰጥታ ሸኘቻቸው። ማታ ቡና ስታፈላ ድንገት ጀበናውን አስቀምጣ አፏን ያዘች። «ውይ! ዳጋ እኮ ሴት አይገባም!»

ዳጋ እስጢፋኖስም ሌላው የጣና ገዳም ክብራን ገብርኤልም ለወንድ ብቻ መሆናቸውን የባሕር ዳር ልጅ ሁሉ ያውቃል። እናቴማ ዳጋን ከጀልባ ላይ ሆና ተሳልማ የተመለሰች ናት። እውቀቱ ነበራት፤ አለመጠየቋ ነው የጎዳት። ከዚያ ወዲህ የማያቸው ስህተቶች ሁሉ ከዚሁ የሚመዘዙ ይመስለኛል።

መጠየቅን እምነት ማነስ አድርጎ ማየት። «የእግዚአብሔርን ሰው እንዴት እመረምራለሁ?» እንላለን። የቤርያ ሰዎች ግን ጳውሎስ ራሱ ያስተማራቸውን ዕለት ዕለት ከመጻሕፍት ጋር ያመሳክሩ ነበር፤ የሐዋርያት ሥራ 17፥11 ደግሞ ለዚሁ ያመሰግናቸዋል። ጳውሎስ ካልተቀየመ ደጃችን የቆመው ሰው ለምን ይቀየማል? ከተቀየመ፣ ያው መልሱን ሰጠን ማለት ነው።

ለዓይን ማደር። የገባዖን ሰዎች «ከሩቅ አገር መጣን» ብለው ወደ ኢያሱ ሲመጡ የሻገተ እንጀራ፣ የተጣፈ ጫማ፣ የተቀደደ የወይን ጠጅ አቁማዳ ይዘው ነበር (ኢያሱ 9)። እስራኤል ስንቃቸውን አዩ፣ እግዚአብሔርን ግን ሳይጠይቁ ቃል ኪዳን ገቡ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቶቻቸው ሆነው ተገኙ። ቆብና መቋሚያም በገንዘብ ይገዛል።

ጥቅስ ሲሰሙ ጥያቄ ማቆም። ሰይጣን ጌታን ሲፈትነው ከመዝሙር 90 (በሌላው ቁጥር 91) ጠቅሶ ነው። «በመንገድህ ሁሉ» የሚለውን ግን ዘለለው። ቀጥሎ ያለውን፣ አንበሳውንና ዘንዶውን ስለ መርገጥ የሚናገረውንማ ጭራሽ አላነሣውም፤ ስለ ራሱ ነዋ! ስለዚህ በአጭር ቪዲዮ ጥቅስ ሲመጣላችሁ መጽሐፉን ገልጣችሁ ከላይና ከታች ያለውን አንብቡ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

«መልአክ ነገረኝ» ሲባል እጅ መስጠት። ይህኛው ጠንካሮቹንም ይጥላል። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 13 ከይሁዳ ወደ ቤቴል የተላከ አንድ የእግዚአብሔር ሰው አለ። እህል እንዳይቀምስ፣ ውኃ እንዳይጠጣ፣ በመጣበትም መንገድ እንዳይመለስ ታዟል። ንጉሡ ኢዮርብዓም ቢጋብዘው የቤትህን እኩሌታ ብትሰጠኝም አልገባም አለ። በኋላ አንድ ሽማግሌ ነቢይ ደርሶበት እኔም እንዳንተ ነቢይ ነኝ፣ መልአክ ተናግሮኛል፣ ና ቤቴ ብላ አለው። ውሸቱን ነበር። ሰውየው ተመልሶ በላ፤ ሲሄድም መንገድ ላይ አንበሳ ገደለው። ለንጉሥ ያልተበገረው በሙያ ባልንጀራው ወደቀ። «ስለ አንተ ታይቶኛል» የሚል ሰው ሲመጣ፣ የታየው ነገር አስቀድሞ የተሰጠንን ትእዛዝ የሚያፈርስ ከሆነ የባለ ራእዩ ማንነት ምንም አይለውጥም። የንስሐ አባት ያለውም ለዚህ ነው፤ ሕልም ብቻችሁን አትፍቱ።

በፍርሃት ማስተላለፍ። «ለ12 ሰው ካልላክህ መቅሠፍት ያገኝሃል» የሚለውን የቴሌግራም መልእክት አጥፉት። ስለ እሱ ከዚህ በላይ መጻፍም አያስፈልግም።

«እኔ አልታለልም» ማለት። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ያን ቀን እቤት ነበርሁ። እግራቸው ሲታጠብ ውኃውን ያፈሰስሁት እኔ ነኝ። እናቴን ሳምንት ሙሉ ሳበሽቃት ቆይቼ ነው ይህ ትዝ ያለኝ። ሐዋርያው ያዕቆብ ቃሉን ሰምቶ የማያደርግ ራሱን ያታልላል ይላል (1፥22)፤ ራሱን የሚያታልል ሰው ደግሞ በር የሚያንኳኳ አያስፈልገውም።

ባለፈው ጥቅምት አንድ አባት ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ቆርቆሮ ሊለምኑ መጡ። እናቴ በሩን ገርበብ አድርጋ «አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የየት ደብር ነዎት? ደብዳቤ ይዘዋል?» አለች። ከኮሮጇቸው የሀገረ ስብከት ማኅተም ያለበት ወረቀት አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጧት። «ጠየቅሽኝ፣ ተባረኪ ልጄ፤ ስንቱ እያስቸገረን ነው» አሏት። ያን ቀን ከ500 ብር በላይ ሰጠች፤ ቡናውም እስከ ሦስተኛው ተጠጣ።