የዱር ታይገር ስንት ኪሎ ይመዝናል? ቁጥር ስንጠቅስ የምንሠራቸው ስህተቶች

ስለ ትልልቅ የዱር ታይገሮች ሲወራ 300 ኪሎ ብሎ መጥራት ቀላል ሆኗል። ማን መዘነው፣ በምን መዘነው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ታይገር ሳይጋነንም የሚያስደንቅ እንስሳ ነው። ክብደቱን ስንጽፍ ቢያንስ ከሚከተሉት ስህተቶች ብንርቅ ጥሩ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሆዱ ውስጥ ያለውን መርሳት

በእኔ እምነት ብዙ ሰው የሚያሳስተው ይህ ነው። በ1967 ዴቪድ ሃሲንገር የተባለ አሜሪካዊ አዳኝ በሰሜን ህንድ አንድ ታይገር ገደለ። ክብደቱ 388.7 ኪሎ ተብሎ ተመዘገበ። እንስሳው ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ለእይታ ቀርቧል፤ ስለዚህ ግዙፍ መሆኑ አያጠያይቅም። ግን እንደሚነገረው ከመገደሉ በፊት በነበረው ሌሊት ጎሽ በልቶ ነበር። ታይገር ደግሞ በአንድ ሌሊት 30 ኪሎ ሥጋ ሊጨርስ ይችላል። በበዓል ገበያ ጨው ልሶ ውሃ የጠጣ በግ የገዛ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ይህ የአንድ ታይገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን ታይገር የሚታደነው ብዙ ጊዜ የጎሽ ጥጃ ለማባበያ ታስሮለት ነው። ጥጃውን በልቶ እዚያው አቅራቢያ ሲተኛ ይገደላል። ስለዚህ ከድሮዎቹ ክብደቶች ብዙዎቹ የጠገበ እንስሳ ክብደት ናቸው። ጠንቃቃ መዝጋቢ ሆዱ ሙሉ ይሁን ባዶ ከኪሎው ጎን ይጽፋል። ለነገሩ ከ388.7 ላይ የእራቱን ብንቀንስለት እንኳ፣ የቀረው ቁጥር ተመራማሪዎች ከመዘኗቸው ታይገሮች በጣም ይርቃል። እንደ መለኪያ ልንይዘው አይገባም።

ከርዝመት ተነስቶ ኪሎ መገመት

ታዋቂው አዳኝ ጂም ኮርቤት በ1930 ህንድ ውስጥ የገደለው የፓዋልጋር ታይገር በሰውነቱ ላይ በተዘረጋ ሜትር 10 ጫማ ከ7 ኢንች ተለካ። ዝነኛ ያደረገው ርዝመቱ ነው። ከዚህ ተነስቶ ኪሎውን ማስላት ግምት እንጂ መረጃ አይደለም። ርዝመቱ ራሱ እንኳ እንደ አለካኩ ይለያያል። የሃሲንገር ታይገር በአፍንጫውና በጭራው ጫፍ በተተከሉ ሁለት ካስማዎች መካከል ቀጥታ ሲለካ 3.22 ሜትር፣ ሜትሩ የሰውነቱን ጉብታ ተከትሎ ሲዘረጋ ደግሞ 3.38 ሜትር ነው። እንስሳው ያው አንድ ነው።

የግቢውን ከጫካው መቀላቀል

ጃይፑር የተባለው በሰው እጅ ያደገ የሳይቤሪያ ታይገር 423 ኪሎ እንደመዘነ ተመዝግቧል። ምግብ የሚቀርብለትን እንስሳ አድኖ ከሚበላው ጋር ማወዳደር አይቻልም። 418 ኪሎ እንደመዘነ የተመዘገበው ሄርኩለስ ደግሞ ጭራሽ ታይገር አይደለም፤ ከወንድ አንበሳና ከሴት ታይገር የተወለደ ዲቃላ ነው።

ለሁሉም አንድ አማካይ መስጠት

"ትልቁ የሳይቤሪያው ነው" የሚለው አባባል ብዙዎቻችን አእምሮ ውስጥ ተቀምጧል። በ1950 በሩሲያ ሲኾቴ አሊን ተራሮች ተገደለ የሚባለው የ384 ኪሎ ታይገርም አብሮ ይጠቀሳል፤ እሱ ግን ማረጋገጫ የለውም። በ2005 የሩሲያ፣ የአሜሪካና የህንድ ተመራማሪዎች የሳይቤሪያ ታይገሮችን የድሮና የቅርብ ጊዜ ክብደቶች አንድ በአንድ አጣርተው አወጡ። የድሮዎቹ የዱር ወንዶች አማካይ 215 ኪሎ ገደማ ነው። የዛሬዎቹ ግን 176 ብቻ። በኔፓል ቺትዋን ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተመዘኑት ወንዶች አማካይ 235 ኪሎ ነው፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከ270 ያለፉም ተይዘዋል። ዛሬ እንግዲህ የቺትዋኑ ከሳይቤሪያው ይከብዳል። በህንድና በባንግላዴሽ ድንበር ባለው የሱንዳርባንስ ረግረጋማ ደን ደግሞ የተመዘኑት ሴቶች በአማካይ 80 ኪሎ እንኳ አይሞሉም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 176 የሚለውም ቁጥር ቢሆን የራሱ ችግር አለበት። ሕገወጥ አደን የሳይቤሪያውን ታይገር ምግብ አመናምኖታል። ከተያዙትም ውስጥ ከሰው ጋር የተጋጩ፣ የታመሙና የቆሰሉ አሉበት። በሌላ በኩል የድሮ አዳኝ የሚኮራበትን እንጂ መካከለኛውን ለመመዝገብ አይቸኩልም። አንዱ ቁጥር ወደ ታች ይጎትታል፤ ሌላው ወደ ላይ። የተመዘኑትም ጥቂት ናቸው። በህንድ ናጋራሆል የሚጠቀሰው የወንዶች አማካይ የመጣው ከሦስት ታይገሮች ብቻ ነው፤ ከ209 እስከ 227 ኪሎ።

ከነጥብ በኋላ ያለውን ማመን

388.7 ሲባል ግራም ሳይቀር በጥንቃቄ የተመዘነ ይመስላል። በመጀመሪያ የተጻፈው ግን 857 ፓውንድ ነው። ነጥብ ሰባቷ የመጣችው ወደ ኪሎ ሲለወጥ ነው። 272 ኪሎም ብዙ ጊዜ ድፍን 600 ፓውንድ ማለት ነው፤ ድፍን ቁጥር ደግሞ ግምት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የድሮ ክብደት ስትጠቅሱ በመጀመሪያ የተጻፈበትን መለኪያ አብራችሁ አስቀምጡ።