የኤሌክትሪክ መኪና ከመግዛት በፊት መከራየት፦ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። አዲስ መኪና ልግዛ ያለ ሰው ምርጫው ከሞላ ጎደል ኤሌክትሪክ ሆኗል። ካዛንቺስም ሆነ ሜክሲኮ ቆም ብላችሁ ብታዩ የቻይናው ቢዋይዲ፣ የቮልስዋገኖቹ አይዲ ፎርና አይዲ ሲክስ ይርመሰመሳሉ። ብዙ ቤተሰብ ለዓመታት ያጠራቀመውን ብር ይዞ፣ አንድ ሌሊት እንኳ ግቢው አሳድሮት የማያውቀውን መኪና ይገዛል። ይሄ ከልብ ያሳስበኛል።

እኔ የምመክረው መጀመሪያ እንድትከራዩት ነው። ግን መከራየትም አያያዝ ይፈልጋል። ገንዘቡን ከፍለው፣ መኪናውን ነድተው፣ ማወቅ የነበረባቸውን ሳያውቁ የሚመልሱ ሰዎች አሉ።

«ሻጩ ጋ ነድቼዋለሁ እኮ» ብሎ ኪራዩን መተው

ሻጩ ጋ የምትነዱት መኪና ባትሪው ሞልቶ፣ ታጥቦ ነው የሚጠብቃችሁ። ቦሌን አንድ ዙር ዞራችሁ ትመለሳላችሁ። ስለ መቀመጫው፣ ስለ ስክሪኑ፣ ስለ ጉልበቱ ታውቃላችሁ። ማታ የት ነው የሚሞላው? ጠዋት ስንት ፐርሰንት ይኖረዋል? መብራት ቢጠፋስ? እነዚህ ጥያቄዎች እዚያ አይነሱም። ስለዚህ ቢያንስ አንድ የሥራ ሳምንት ያዙት። ለቅዳሜና እሁድ ብቻ ከተከራያችሁት የሽርሽር መኪና ነው የሚሆንባችሁ። ልጆች ትምህርት ቤት አድርሱበት፣ ቢሮ ሂዱበት፣ አስቤዛ ጫኑበት።

ሌላ መኪና ተከራይቶ ሌላ መግዛት

አይዲ ሲክስ ተከራይቶ ቢዋይዲ ሲገል መግዛት ብዙም አያስተምርም። አንዱ ቤተሰብ የሚጭን ባለ ሦስት ረድፍ ወንበር ነው፤ ሌላው ትንሽ የከተማ መኪና። ስሙ አንድ ቢሆንም እንኳ ባትሪውን ጠይቁ። ሲገል ብቻውን ባለ 30 እና ባለ 38.9 ኪሎዋት ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን መለኪያ ነው) ባትሪ ሆኖ ተሠርቷል። በቻይና መለኪያ የመጀመሪያው 305 ኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛው 405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይባላል። የ100 ኪሎ ሜትር ልዩነት ቀላል አይደለም።

አከራዩ ሞልቶ እንዲሰጣችሁና ስትመልሱም ራሱ እንዲሞላው ማድረግ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ባትሪውን ራሳችሁ፣ በራሳችሁ ግቢ ካልሞላችሁት የተከራያችሁበት ዋናው ምክንያት ቀረ ማለት ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከተራ ሶኬት 10 አምፒር በ220 ቮልት ብትወስዱ 2.2 ኪሎዋት ይሆናል። ወደ 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከባዶ ተነስቶ ለመሙላት ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። ይሄን የሚሰማ ሰው ይደነግጣል። ነገር ግን ባትሪውን በየቀኑ ከባዶ የሚሞላ የለም። ከካዛንቺስ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ፒያሳ ሲመላለስ የሚውል ሰው በቀን 40 ኪሎ ሜትር ቢነዳ፣ ማታ የሚመልሰው 6 ወይም 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ያ ደግሞ ከዚያው ተራ ሶኬት ሦስት ሰዓት ከምናምን ቢፈልግ ነው። በኪራዩ ሳምንት ይሄን በዓይናችሁ ስታዩ ወይ ልባችሁ ያርፋል፣ ወይ ችግሩ የት እንዳለ ይገባችኋል።

ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው ግቢው ላይ ነው። መሀል ከተማ ውስጥ ስንቶቻችን ነን የራሳችን ቆጣሪ ያለን? በአንድ ቆጣሪ ሦስት አራት ተከራይ የሚጠቀምበት ግቢ ሞልቷል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ከፍ የሚልበት ነው። መኪናችሁ የሚበላው መብራት የጎረቤቱንም ሒሳብ ያንራል። ስለዚህ ከመከራየታችሁ በፊት «እትዬ፣ ለአንድ ሳምንት መኪና ልሞላ ነው፤ ጭማሪውን እኔ እችላለሁ» ብላችሁ የቤቱን ባለቤት አነጋግሩ። ለሳምንት እሺ ካላሉ ለዓመታትም እሺ እንደማይሉ ከወዲሁ አወቃችሁ።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ ከሦስተኛ ፎቅ በመስኮት ገመድ አትልቀቁ። በማከፋፈያ ገመድ መሙላት በፍጹም አይመከርም። መኪናው ለሰዓታት ሳያቋርጥ ስለሚስብ ገመዱ ይግላል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል፣ እሳትም ይነሳል። መጀመሪያ ኤሌክትሪሻን ጠርታችሁ መስመሩን፣ ፊውዙንና መሬት የሚገባውን ሽቦ አስፈትሹ። ይሄን አጥብቄ ነው የምለው፤ የቤተሰብ ሕይወት ጉዳይ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ቤት ብቻም አትሙሉ። አንድ ቀን ወደ ሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ሂዱ፤ ወረፋውንም ዋጋውንም እዩ። ሶኬቱ ይገጥም እንደሆነም ታያላችሁ። ለቻይና ገበያ የተሠሩት መኪኖች ጂቢቲ የሚባለውን መሰኪያ ይዘው ነው የሚመጡት፤ ለአውሮፓ የተሠሩት ደግሞ ሲሲኤስ 2 ነው። ሁሉም ጣቢያ ሁለቱንም ላይኖረው ይችላል።

ወረቀት ላይ ያለውን ኪሎ ሜትር አምኖ መቀበል

የቻይናው መለኪያ ሲኤልቲሲ ለስለስ ባለ አነዳድ የተሠራ ስለሆነ ቁጥሩ ያጋንናል። የአውሮፓው ደብሊውኤልቲፒ ወደ እውነቱ ይጠጋል። የእናንተን ቁጥር ግን የምታገኙት የራሳችሁን መንገድ ስትነዱ ነው።

እዚህ ላይ ከነዳጅ መኪና የለመድነው ነገር ይገለበጣል። የስታዲየም መጨናነቅ ቤንዚን ይጨርሳል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ግን ቆሞ ብዙም አይበላም። የሚበላው ፍጥነትና ዳገት ነው። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ስትወጡ ፐርሰንቱን እዩት። ከዚያ እንጦጦ ውጡና ስትወርዱ ፍሬኑ ምን ያህሉን ወደ ባትሪው እንደሚመልስ ተመልከቱ። ስለ በረዶና ስለ ክረምት ብርድ ኢንተርኔት ላይ የምታነቡት ማስጠንቀቂያ የፈረንጅ አገር ጉዳይ ነው፤ የእኛ ፈተና ዳገቱ ነው።

ከከተማ የምትወጡ ከሆነ አዳማን ሞክሩ። አዲስ አበባ ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አዳማ 1,700 ገደማ። ስትሄዱ ትወርዳላችሁ፣ ስትመለሱ ትወጣላችሁ። ሁለት ቶን የሚጠጋ መኪና 600 ሜትር ከፍ ለማድረግ ብቻ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይጠይቃል። «ሄጄ ግማሹን ጨረስኩ፣ በግማሹ እመለሳለሁ» ያለ ሰው ፈጣን መንገዱ ላይ ሊቆም ይችላል። ብዙ አከራይ መኪናው ከከተማ እንዲወጣ ስለማይፈቅድ ይሄን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

ውሉን ሳያነቡ መፈረም

ሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ነው፤ ግን እሱ የምትነዱትን መኪና አይሸፍንም። ሙሉ ሽፋን አለው ወይ? አደጋ ቢደርስ የእናንተ ድርሻ ስንት ነው? በተለይ የመኪናው ሆድ ቢመታ ማን ይከፍላል? ባትሪው ያለው እዚያው ወለሉ ሥር ነው፤ ከመኪናው ዕቃዎች ሁሉ ውዱም እሱ ነው። ኮብልስቶኑንና የፍጥነት መቀነሻውን አስቡት። መኪናውን ስትረከቡ ዙሪያውንም ሥሩንም በቪዲዮ ቅረጹ። አከራዩ እያየ ቢሆን ይመረጣል።

ብቻችሁን መሞከር

ሚስትም ትንዳው፣ ባልም ይንዳው። አያቶች ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጡ። ሰው ሞልቶት ጉብታ ላይ ሆዱ ይነካ እንደሆነ የምታውቁት ያኔ ነው። እንደ አይዲ ሲክስ ያሉት ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ ስክሪኑ ቻይንኛ ሊሆን ይችላል። ማስጠንቀቂያ ሲበራ የሚያነበው ሰው ቤት ውስጥ መኖር አለበት።

የኪራዩን ብር እንደ ኪሳራ ማየት፣ ወይም ኪራዩን እንደ ምርመራ መቁጠር

የሳምንት ኪራይ ይከብዳል፤ እረዳለሁ። ግን የማይሆን መኪና ገዝቶ መልሶ መሸጥ ከሱ ብዙ እጥፍ ያስከፍላል። ወንድማችሁ ወይም ጓደኛችሁ ያንኑ መኪና ካለውና ለሳምንት ካዋሳችሁ ግን ኪራይ አያስፈልጋችሁም።

በሌላ በኩል ኪራዩ ስለ መኪናው ዓይነት እንጂ ስለምትገዙት መኪና አይናገርም። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ የዚያኑ መኪና ባትሪ ጤንነት በመሣሪያ የሚያነብ ባለሙያ ይዛችሁ ሂዱ። የሻሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ። ቻርጀሩ አብሮ መኖሩንም አረጋግጡ፤ እዚያው ሰክታችሁ ባትሪው መሙላት ሲጀምር ሳታዩ ቀብድ አትክፈሉ።