የኤሌክትሪክ ሴዳናችሁ ርቀት ሲቀንስ፣ ባትሪውን ከመውቀሳችሁ በፊት ፍሬኑን እዩ

በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ጋራዣችን የሚገባው መኪና ሌላ ሆኗል። ድሮ ካምቢዮ ስናወርድ ነበር የምንውለው። አሁን ትልልቅ የቻይና ሴዳን ይዞ የሚመጣ ሰው በዝቷል፣ ወሬውም አንድ ነው፤ «ባትሪዬ ሞቷል፣ ድሮ የሚሄደውን አይሄድም።» አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ምንም አልሆነም። ይህን የምጽፈው ጤነኛ ባትሪ «ተበላሽቷል» እየተባለ ገንዘባቸው የሚበላባቸው ሰዎች ስላሳዘኑኝ ነው። ጎማ ንፋስ መለካት፣ ኤሲ ማጥፋት፣ የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ያለውን ኬሻ ማውጣት የመሳሰሉትን ታውቃላችሁ ብዬ አልፋለሁ።

«ሲሸጡልኝ 700 ይሄዳል አሉኝ፣ 500 እንኳ አይሞላም»

ይሄ ብልሽት አይደለም። 700 የሚለው ቁጥር ሲኤልቲሲ የሚባለው የቻይና መለኪያ ነው፤ ቀስ ባለና በሚቆራረጥ መንገድ የሚለካ ስለሆነ ቁጥሩ ሁሌም ትልቅ ነው። ቢዋይዲ «ሲል» የሚባለውን ሴዳን ውሰዱ። 82.5 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለው፣ በኋላ ጎማ የሚነዳው ዓይነት በቻይና መለኪያ 700 ኪሎሜትር ነው። በአውሮፓው መለኪያ ደግሞ 570 ነው። ባትሪው ያው፣ መኪናው ያው፣ ወረቀቱ ብቻ ተለየ። ስለዚህ ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየውን «ቀሪ ኪሎሜትር» እርሱት። የምትይዙት ቁጥር አንድ ነው፤ በ100 ኪሎሜትር ስንት ኪሎዋት ሰዓት በላ የሚለው። መኪናው ደህና እያለ ይህን ቁጥር ስልካችሁ ላይ ጻፉት። 15 ከሆነ 82.5ን በ15 አካፍሉ፣ በ100 አባዙ፣ 550 ኪሎሜትር ታገኛላችሁ። ይህን ቁጥር ሳትይዙ «ቀነሰብኝ» ካላችሁኝ ከምን ቀነሰ ብዬ ነው የምረዳችሁ?

«ወደ አዳማ ስወርድ አይበላም፣ ስመለስ ይጨርሰኛል»

አዳማ ከአዲስ አበባ ወደ 700 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። ሰው የጫነ 2.3 ቶን መኪና ያንን ከፍታ መልሶ ሲወጣ ከ4 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ለዳገቱ ብቻ ይከፍላል። ደርሶ መልሱን አንድ ላይ ለኩ እንጂ አንዱን መንገድ ብቻ ይዛችሁ አትምጡ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ባትሪውን 100% ሞልታችሁ ወዲያው ረጅም ቁልቁለት አትጀምሩ። ባትሪው ሙሉ ሲሆን ቁልቁል ላይ የሚመለሰውን ኃይል የሚያስገባበት ቦታ የለውም። ስለዚህ መኪናው እንደለመዳችሁት ራሱን አይዝም፣ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ጎሃ ጽዮን ላይ ሞልቶ ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ማለት ከ1,000 ሜትር በላይ በፍሬን ብቻ መውረድ ነው። ተው።

«12% እያለ ድንገት 4% አለኝ»

ብዙዎቹ የቻይና መኪኖች ኤልኤፍፒ የሚባል ባትሪ ነው ያላቸው። የዚህ ባትሪ ቮልቴጅ ከላይና ከታች ካልሆነ መሃል ላይ ብዙም አይለዋወጥም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የቀረውን የሚያውቀው በግምት ነው፣ ግምቱ ደግሞ ሳይስተካከል ሲቆይ ይስታል። መብራት እየጠፋ በ60 እና በ70 እየነቀሉ ወር ሙሉ የሚነዱ ሰዎች ናቸው ይህን ይዘው የሚመጡት። መፍትሄው በነጻ ነው። በሳምንት አንዴ ቤት ውስጥ በዝግታው ቻርጀር 100% ሙሉት። 100 ካለ በኋላም ራሱ እስኪያቆም አትንቀሉት። አንዴ ካልተስተካከለ ድገሙት። ሞጁል (የባትሪው አንዱ ክፍል) ይቀየር የሚላችሁ ሰው ካለ ይህን ሳያስሞክራችሁ ከሆነ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ቀስ በቀስ ፍጆታው ወጣ፤ 15 የነበረው 17፣ 18 ሆነ

ዋናው ይሄ ነው። እየደጋገመ የሚመጣብኝ፣ እጄ የለመደው ብልሽት። መንስኤው ስትለቁት የማይለቅ፣ የሚይዝ ፍሬን ነው።

የነዳጅ መኪና ፍሬን በቀን መቶ ጊዜ ይረገጣል፣ ይሞቃል፣ ዝገቱ ይጠረጋል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን እግራችሁን ከፔዳሉ ስታነሱ ሞተሩ ራሱ ስለሚይዘው ፍሬኑ ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈቶ ይውላል። ክረምት ሲመጣ ውሃ ይገባዋል፣ አይሞቅም፣ አይደርቅም። የፍሬን ሸራውን ከጎማው ጋር የሚዞረው ዲስክ ላይ የሚጨምቀው ካሊፐር የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች ዝገት ይይዛሉ። በጋ ሲሆን ደግሞ የግንባታው አቧራ ይጨመርበታል። ላቫጆ ቤት በከፍተኛ ግፊት ውሃ ቸርኬው ውስጥ እያስገቡ በሳሙና ሲያጥቡት ያለችውም ግራሶ ትወጣለች። ከዚያ ፍሬን ረግጣችሁ ስትለቁ ሸራው ከዲስኩ ላይ ሙሉ በሙሉ አይላቀቅም። ድምፅ የለውም፣ መሪ አይጎትትም፣ መብራት አይበራም። ኃይል ብቻ ይበላል።

ምን ያህል ይበላል? መኪናውን ወደ ኋላ በ10 ኪሎ ጉልበት የሚይዝ ነገር ቢኖር በየ100 ኪሎሜትሩ ወደ 3 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። 10 ኪሎ ማለት አንድ ሕፃን በገመድ ወደ ኋላ የሚስባችሁ ያህል ነው። ያ ሕፃን 15 የነበረውን ወደ 18 ያወጣዋል፤ 550 ይሄድ የነበረው መኪና 460 ገደማ ላይ ይቆማል።

ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛ ጥቁር ሴዳን ይዞ መጣ። ፍጆታው 18.4 ነበር። ሌላ ቦታ ባትሪው ተከፍቶ ሁለት ሞጁል ይቀየራል ተብሎ የተነገረው ዋጋ ለመኪናው ግዢ ከከፈለው ብዙም አይርቅም። መኪናውን ሊሸጠው ተስማምቶ ነበር። በክሪክ አነሳሁት። የኋላ ግራ ጎማ በእጅ አልዞር አለ። ፒኑን ለማውጣት መዶሻ ፈለግሁ፤ ሲወጣ ቡናማ ዱቄት አብሮ ፈሰሰ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ከሳምንት በኋላ ደውሎ 15.6 ሆነ አለኝ። ሰውዬው ስልክ ላይ ዝም ብሎ ቆየ። እኔም በንዴት ነው ያዳመጥኩት፤ ጎማ ሳያዞር ባትሪ የሚፈርድ ሰው መካኒክ ሊባል አይገባም።

ሌላዋ ደንበኛዬ ውጭ አገር ሄዳ መኪናዋን ግቢ ውስጥ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ ሁለት ወር ሙሉ ዝናብ ላይ ተወችው። ስትመለስ የኋላ ሸራዎቹ ዲስኩ ላይ ተጣብቀዋል። ጉልበት ሰጥታ ስትነዳው «ቋ» ብሎ ለቀቀ፤ እሷም የተስተካከለ መስሏት ሦስት ወር ነዳችው። ሸራው አንዱ ጎኑ አልቆ ብረት ለብረት ሆኖ ነበር የደረሰው፣ ዲስኩም ተበልቷል። መኪና ለረጅም ጊዜ የምታቆሙ ከሆነ ሜዳ ላይ አቁማችሁ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁት።

እንዴት ትለዩታላችሁ? ጠዋት መኪናው ቀዝቅዞ ባደረበት ውጡ። ቀለበት መንገድ ላይ 20 ደቂቃ ያህል ንዱ። በተቻለ መጠን ፍሬን አትርገጡ፣ ስትቆሙም እግራችሁን ከፔዳል በማንሳት ቀስ ብላችሁ ቁሙ። ከዚያ ወዲያው ወርዳችሁ እጃችሁን ወደ አራቱም ቸርኬ አስጠጉ። አትንኩ፣ አስጠጉ። የሚይዝ ዲስክ እጅ ይልጣል፣ ልጅ ረዳቴ ጣቱ ላይ ጠባሳ አለው። በርቀት የሚለካ ሙቀት መለኪያ ካላችሁ የተሻለ ነው። ግራና ቀኙን አወዳድሩ፤ ያልተረገጠ ፍሬን ሁለቱም ጎን እኩል ቀዝቃዛ መሆን አለበት። አንዱ ጎን ከሌላው 20 ዲግሪ ከበለጠ አገኛችሁት ማለት ነው።

ሥራው ከባድ አይደለም፣ ግን በትክክል ካልተሠራ ከበፊቱ ይብሳል። ፒኖቹ ይወጣሉ፣ ይጸዳሉ። ዝገቱ ቀዳዳ ቀዳዳ ካደረገው በብርጭቆ ወረቀት አትሹት፣ ቀይሩት። ሸራው የሚቀመጥበት ብረት ላይ ያለችው ቀጭን ክሊፕ ተነስታ ሥሯ ያለው ዝገት ይፋቃል፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘላል፣ በወሩ ተመልሶ ይይዛል።

ግራሶው ላይ በጣም ተጠንቀቁ። ለፍሬን የተሠራ፣ ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ግራሶ ብቻ ነው የሚገባው። ለኩሺኔታ የሚገባውን ግራሶ ፒን ላይ የሚቀቡ አሉ፤ የነዳጅ ዘይት ያለው ስለሆነ የፒኑን ላስቲክ ያሳብጠዋል፣ ያበጠው ላስቲክ ፒኑን አንቆ ይይዘዋል። አንድ መኪና ለሁለት ወር ብቻ ደህና ሆኖ ተመልሶ መጣ። ላስቲኩን ሳወጣው እንደ በሰለ ፓስታ ለስልሶ አገኘሁት። የ200 ብር ግራሶ ለማትረፍ ሙሉ ካሊፐር አስቀየረ።

የኋላ ፍሬን ስትነኩ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፤ የእጅ ፍሬኑ በሞተር የሚሠራ ነው። ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን በጉልበት ወደ ኋላ አትግፉት። መጀመሪያ ከመኪናው ስክሪን የጥገና ሁኔታ የሚለውን አብሩ። ምናሌው በቻይንኛ ከሆነ በስልካችሁ ካሜራ አስተርጉሙት፣ በግምት አትንኩ። በመቆንጠጫ ጨምቀው ትንሿን ሞተር የሰበሩ ሁለት መኪኖች አይቻለሁ።

ሸራም አለ። ገበያ ላይ ያለው ርካሽ ሸራ የብረቱ ጀርባ በወፍራም ቀለም ስለተለበጠ ቦታው ላይ ጠብቆ ነው የሚገባው። አዲስ ተገጥሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይይዛል! በእጅ ገፍታችሁ የማይንቀሳቀስ ሸራ አታስገጥሙ። በሞረድ ይፋቅ ወይም ይመለስ።

ከተሠራ በኋላ እንዳይደገም፣ በሳምንት አንዴ መንገድ ባዶ ሲሆንና ከኋላ ሰው አለመኖሩን አይታችሁ ከ60 ላይ ጠንከር አድርጋችሁ አምስት ስድስት ጊዜ ፍሬን ያዙ። ይሙቅ፣ ይጠረግ።

ፍሬኑ ደህና ነው፣ ፍጆታው አሁንም ከፍ ያለ ነው

ጎማ። ከጉድጓድ በኋላ አላይመንቱ (የጎማዎቹ አቅጣጫ) የተዛባ መኪና ጎማውን እየጎተተ ነው የሚሄደው፤ ጠርዙን በእጃችሁ ዳሱት፣ እንደ መጋዝ ከሻከረ እሱ ነው። ከፋብሪካ የመጣውን አውልቆ ክብደቱን የማይችል ርካሽ ጎማ ያስገባም እንዲሁ ነው። በሩ ላይ ያለው የንፋስ መጠን በኪሎፓስካል ነው የተጻፈው፣ 250 ማለት 36 ፒኤስአይ ነው፤ ጎሚስታው እንዳይገምት ንገሩት። አዲስ አበባ ንፋስ ሞልታችሁ ወደ አዋሽ ስትወርዱ የአየሩ ግፊት ስለሚለያይ በቀዝቃዛው ሲለካ ወደ 2 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል።

ከዚህ ውጭ ያለቀ ኩሺኔታ አልፎ አልፎ አጋጥሞኛል። በእውነት የሞተ የባትሪ ሴል ደግሞ በጣም ጥቂት ጊዜ።

መጎተትና መጎተት

ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በመኪናችሁ ሌላ መኪና መጎተት። አውሮፓ ውስጥ የሚሸጡ አንዳንድ የኤሌክትሪክ ሴዳኖች ተሳቢ እንዲጎትቱ ተፈቅዶላቸዋል፤ ቴስላ ሞዴል 3 እስከ 1,000 ኪሎ፣ ቢኤምደብሊው አይ4 እስከ 1,600፣ ቢኤምደብሊው አይ7 እስከ 2,000። ያም ከፋብሪካ መጎተቻ ሲገጠምለትና ተሳቢው የራሱ ፍሬን ሲኖረው ነው። ያኔም ርቀቱ ወደ ግማሽ ይጠጋል። እዚህ ያሉት የቻይና ሴዳኖች ያ መጎተቻ የላቸውም። ከመከላከያው ጀርባ የምትገባው ቀለበት የእናንተን መኪና ሎቤድ ላይ ለመሳብ እንጂ ጭቃ ውስጥ የገባ ሚኒባስ ለማውጣት አይደለችም። ለጎረቤት ደግ ልሥራ ብሎ ቀለበቷን ከነብረቷ የነቀለ ሰው አለ። ከጎተታችሁ በኋላ ኃይል ከቀነሰና የሙቀት ማስጠንቀቂያ ከወጣ መኪናውን አታጥፉት፤ ጥላ ሥር አቁማችሁ የማቀዝቀዣው ፓምፕ እየሠራ ይቀዝቅዝ።

ሁለተኛው መኪናችሁ ሲጎተት ነው፣ ይሄ ነው የሚያስለቅሰኝ። አንድ ሰው ሞጆ አለፍ ብሎ እየሄደ መኪናው ጠፋበት። ትልቁ ባትሪ 40% አለው። አይሱዙ በገመድ አስሮ፣ ጎማው መሬት ላይ እየተሽከረከረ ቃሊቲ ድረስ አመጣው። የእነዚህ መኪኖች ሞተር ውስጡ ማግኔት ነው። ጎማው በዞረ ቁጥር ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ማቀዝቀዣው ደግሞ አይሠራም። እኔ ጋ ሲደርስ የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሩ የሚቀይረው ኢንቨርተር ተቃጥሎ ነበር። መጀመሪያ መኪናውን ያቆመው ምን ነበር? ያለቀች ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ። አዲስ ባትሪ ይዞለት የሚሄድ ሰው ቢኖር ኖሮ እዚያው ይነሳ ነበር።

ስለዚህ ገመድ አታሳስሩ። አራቱንም ጎማ ከመሬት አንስቶ የሚጭን ሎቤድ ጥሩ። ከዚያ በፊት 12 ቮልቱን አስለኩ። ከመንገድ ዳር ማውጣት ግድ ከሆነ ፎሌ አድርጋችሁ በሰው ጉልበት፣ በእግር መንገድ ፍጥነት፣ ጥቂት ሜትር ብቻ ግፉት።