ጎዳና ላይ ለሚኖሩ ሰዎች ነጻ የህግ ድጋፍ እንዴት እንደሚጀመር

ብዙ ሰው እንዲህ አይነት ድርጅት ሲያስብ ከስምና ከሎጎ ነው የሚጀምረው፣ ከዛ ቢሮ ኪራይ ምናምን። እኔ መጀመሪያ ጠረጴዛ ፈልጉ ነው የምለው። አንድ ጠረጴዛና ሶስት ወንበር፣ ግን ሰዎቹ ቀድሞውንም በሚመጡበት ቦታ፦ ምግብ የሚታደልበት ግቢ፣ መጠለያ ውስጥ፣ ነጻ ህክምና የሚሰጥበት አጠገብ። ሶስተኛ ፎቅ ላይ ቢሮ ከፍታችሁ ብትጠብቁ የሚመጣ የለም፣ ሰውየው ያለውን ሁሉ በፌስታል ይዞ ነው የሚዞረው፣ በር ላይ ጥበቃው "ዕቃህን ውጭ አስቀምጥ" ሲለው ዞሮ ይሄዳል። ምዝገባና ፈቃዱ እንደየአገሩ ስለሚለያይ አንድ ጠበቃ ይጨርስላችሁ፣ ከባዱ እሱ አይደለም።

ቀንና ሰዓት አንዴ ከቆረጣችሁ አትቀያይሩ። እኛ መጀመሪያ አካባቢ እንደተመቸን ነበር የምንሄደው፣ አንዴ ማክሰኞ አንዴ ሐሙስ፣ ከዛ "ባለፈው መጥቼ አጣኋችሁ" የሚሉን ሰዎች ሁለተኛ አልመጡም። ስልክ ለሌለው ሰው ቀጠሮ ማለት "ሁሌ እዛው ናቸው" የሚለው እምነት ነው በቃ።

ቀጥሎ ሰው። የህግ ምክር የሚሰጠው ፈቃድ ያለው ጠበቃ ብቻ ይሁን፣ ሌላው በጎ ፈቃደኛ ይመዝግብ፣ ኮፒ ያድርግ፣ ፍርድ ቤት አብሮ ይሂድ፣ ይሄ ራሱ ትልቅ ስራ ነው። አንድ ደግ ልጅ በቅንነት "አይዞህ ይሄ ክስ ይዘጋል" ካለ ሰውየው ችሎት ላይቀርብ ይችላል። ከትልልቅ የጥብቅና ቢሮ በነጻ ሊያግዙ የሚመጡ ጠበቆችም የሚያውቁት የኩባንያ ውል ሊሆን ስለሚችል ስለ ደንብ መተላለፍ ቅጣት፣ ከቤት ስለ ማስወጣት፣ ስለ ድጎማ ይግባኝ ግማሽ ቀን አሰልጥኗቸው፣ የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንስም (ጠበቃው ተሳስቶ ደንበኛው ቢጎዳ የሚሸፍነውን) አስቀድማችሁ ጨርሱ።

አሁን ወደ ዋናው። ሰው ሲቀመጥ ፎርም አታውጡ። "እርስዎ" በሉት፣ ስሙን ጠይቁ፣ ከዛ "ወረቀት ይዘዋል?" በሉ። አንድ ሽማግሌ ከጃኬታቸው ገበር ውስጥ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡልኝ፣ በላብና በዝናብ ተጣብቆ ሳልቀደው ለመግለጥ አስር ደቂቃ ፈጀብኝ፣ መጥሪያ ነበር፣ ቀጠሮው በማግስቱ ጠዋት! ታሪካቸውን ከስር መሰረቱ እያዳመጥኩ ብቆይ ኖሮ ያልፋቸው ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ቀን ፈልጉ፣ የችሎት ቀን፣ የይግባኝ መጨረሻ ቀን፣ ቤት የመልቀቂያ ማስታወቂያ ቀን። ታሪኩ ይደርሳል። ስታወሩ ደሞ ሌላ ሰው የማይሰማበት ጥግ ይሁን፣ ጓደኛውን አስተርጓሚ አታድርጉት፣ በዛው ጉዳይ የሚከራከረውን ሌላኛውን ወገን ቀድማችሁ በደንበኝነት ይዛችሁት እንዳይሆንም መዝገባችሁን አይታችሁ አረጋግጡ፣ ባልና ሚስት አንድ ሰልፍ ላይ የሚቆሙበት ቀን አለ።

ከምታዩት ኬዝ ብዙው ስሩ ሲቆፈር መታወቂያ ነው። መታወቂያ ለማውጣት አድራሻ ይጠየቃል፣ አድራሻ ለማግኘት ቤት፣ ቤት ለመከራየት ደሞ መታወቂያ፣ ድጎማውም ስራውም እዛው ክብ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ሊፈታ የሚችለው በአንድ በኩል ሲሰበር ነው፣ ለምሳሌ መጠለያው "እዚህ ያድራል" ብሎ ደብዳቤ እንዲጽፍ ማድረግ፣ ወይ ህጉ ከፈቀደ የእናንተን ድርጅት የደብዳቤ መቀበያ አድራሻ ማድረግ። ይሄን ካደረጋችሁ ግን የመጣውን ደብዳቤ በየቀኑ የሚያይ ሰው መድቡ፣ ሳይከፈት የቀረ መጥሪያ ከዚህ በኋላ የእናንተ ጥፋት ነው።

ሌላው ቅጣት ነው። ሰው መናፈሻ ውስጥ ተኝቶ ይቀጣል፣ መክፈል አይችልም፣ መጥሪያው ወደሌለ ቤት ይላካል፣ ሳይቀርብ ሲቀር የመያዣ ትእዛዝ ይወጣል፣ ከዛ ስራ ባገኘ ማግስት ይታሰራል። ዳኛው ራሱ ወደ ሰዎቹ ቢመጣስ? ቀልድ ይመስላል ግን አሜሪካ ሳንዲያጎ ከተማ ውስጥ በ1989 ቤት አልባ ለሆኑ የቀድሞ ወታደሮች በተዘጋጀ ዝግጅት ላይ ተጀምሯል፣ በኋላ ችሎቱ መጠለያ ውስጥ ይቀመጥ ጀመር፣ ሰውየው በስልጠናና በህክምና ያሳየው ጥረት በገንዘብና በእስር ፈንታ ይያዝለታል። እናንተም አቃቤ ህጉንና ፍርድ ቤቱን ማናገር አይከፋም፣ ቢያንስ ብዙ ትንንሽ መዝገብ ተጠቃሎ በአንድ ቀን እንዲታይ። ተመሳሳይ ችግር ከመቶ ሰው ስትሰሙ ደሞ አንዱን ክስ ትልቅ አድርጎ መግፋት አለ፣ ኒውዮርክ ውስጥ በ1979 አንድ ወጣት ጠበቃ ለቤት አልባ ወንዶች ከስሶ በ1981 ከተማው ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት ማደሪያ ለመስጠት ግዴታ ገብቷል። ግን ይሄ ዓመታት ይፈጃል፣ በመጀመሪያው ዓመት አትሞክሩት።

የማትችሉትን አትቀበሉ። ምክር ብቻ ነው ወይስ ችሎት ድረስ ትቆማላችሁ? ውክልና ከማስፈረማችሁ በፊት በቀላል ቋንቋ ጽፋችሁ አንብቡለት፣ ማንበብ የማይችል ሰው "ገባኝ" ብሎ ይፈርማል፣ በራሱ አፍ መልሶ እንዲነግራችሁ ጠይቁ።

ስልክ ቁጥር ስትይዙ ሁለት ያዙ፣ የሱ ነገ ይሰረቃል ወይ ይዘጋል፣ ሁለተኛው እህቱ፣ የመጠለያው ሰራተኛ፣ ጫማ የሚጠርግለት ወዳጁ ይሁን። ወረቀቱን ሁሉ ስካን አድርጉና ዋናውን ለባለቤቱ መልሱ፣ ዚፕ ባለው ፕላስቲክ። ሌሊት ዕቃው ተጠርጎ ቢሄድበት ጠዋት እናንተ ጋ ኮፒ አለ።