ቪዲዮ እያለ እግረኛው ለምን ይሸነፋል? ችግሩና መፍትሄው

መኪና እግረኛ ሲገጭ ፖሊስ መጥራትን፣ ቦታውን ከሩቅም ከቅርብም ፎቶ ማንሳትን ታውቃላችሁ ብዬ አልፌዋለሁ። የማወራው ከዚያ በኋላ ስለሚበላሸው ነው።

ችግር፦ ቪዲዮው አለ፣ ግን ምንም አያስረዳም

በብዛት የሚመጣልኝ ይሄ ነው። መኪናው እግረኛውን ዜብራ ላይ ሲገጭ የሱቅ ካሜራ ቀርጾታል። ቤተሰብ ይደርሳል፣ ጥበቃው ያሳያቸዋል፣ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ስክሪኑን ይቀርጻል። ከዚያ በቴሌግራም ለዘመድ ሁሉ ይበተናል።

አንዱ ከአእምሮዬ አይጠፋም። የጣሪያው አምፖል ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል። ነጩ ብርሃን የት ቢያርፍ ጥሩ ነው? ልክ የትራፊክ መብራቱ ላይ! ክርክሩ ደግሞ ሌላ አይደለም፣ ቀይ ነበር ወይስ አረንጓዴ ነው። ሰሌዳው በስክሪኑ መስመሮች ተርመስምሷል። ጥርት ብሎ የሚሰማው "ያው፣ ያው መጣ" የሚል የቀራጩ ድምፅ ብቻ ነው። ዋናውን ፍለጋ ሲኬድ ማሽኑ ሌላ ቀርጾበታል።

መንስኤ፦ ዲቪአር (የካሜራዎቹን ቪዲዮ የሚያስቀምጠው ማሽን) ሃርድ ዲስኩ ሲሞላ የድሮውን እያጠፋ ይቀጥላል። ዲስኩ ትንሽ፣ ካሜራው ብዙ ከሆነ ጥቂት ቀናት ይበቁታል። የመኪና ውስጥ ካሜራ ይብሳል፤ በሰዓታት ውስጥ ሊያጠፋው ይችላል። "የትም አይሄድም" የሚላችሁን አትመኑ። ቴሌግራምና ዋትስአፕም በተለመደው መንገድ ሲላክባቸው ቪዲዮውን ጨምቀው ጥራቱን ይቀንሱታል።

መፍትሄ፦ በዚያው ቀን ለካሜራው ባለቤት "ከዚህ እስከዚህ ሰዓት ያለው እንዳይጠፋ" ብላችሁ በጽሑፍ ስጡ። የጽሑፉ ቅጂ ላይ አስፈርሙ። እምቢ ካለ ፖሊስ ወይም ፍርድ ቤት እንዲያስይዘው ቶሎ ጠይቁ። ፋይሉ ከማሽኑ በራሱ ፎርማት በፍላሽ ይውጣ፣ ማጫወቻ ፕሮግራሙም አብሮት። ማን፣ መቼ፣ ከየትኛው ማሽን እንዳወጣው ጻፉ። በቴሌግራም መላክ ግድ ከሆነ በፋይል መልክ ላኩት። ቪዲዮው ላይ የምትጨምሩት ቀስትም፣ ክብም፣ ማድመቅም የቪዲዮው ቅጂ ላይ ብቻ። ዋናው አይነካም!

መቁረጥ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። ተጎጂው ስልክ እያየ ሲሻገር የሚያሳየውን መጀመሪያ ቆርጠው ያመጡ ነበሩ። ሙሉው ቪዲዮ የሾፌሩ ጠበቃ እጅ ነበር። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱን የሚያሳየውን ክፍል እንኳ ማን ይመን? ከግጭቱ በፊትም በኋላም ያሉትን ደቂቃዎች ከነጉዳቸው አቅርቡ።

ችግር፦ የቪዲዮው ሰዓት ከፖሊስ መዝገብ ጋር አይገጥምም

የማሽኑ ሰዓት ተዛንፏል። ስክሪኑ ላይ ያለውንና የስልካችሁን ሰዓት ጎን ለጎን በአንድ ፎቶ አንሱ። ማሽኑን ግን አታስተካክሉ፤ ካስተካከላችሁት ስንት ደቂቃ ይዛነፍ እንደነበር ማሳያ አይኖራችሁም።

ችግር፦ ሾፌሩ "ቀስ ብዬ ነበር የምነዳው" ይላል

ከሱቅ ካሜራ ላይ ፍጥነት በዓይን አይገመትም፤ ሰፊ ሌንስ ርቀትን ያዛባል። ቪዲዮው ላይ የሚታዩ ሁለት ምሰሶዎችን ምረጡ። ርቀታቸውን ቦታው ድረስ ሄዳችሁ በሜትር ለኩ። መኪናው በስንት ፍሬም (ቪዲዮው በተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች) እንዳለፋቸው ይቆጠር። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ በሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ካሜራው በሰከንድ 10 ፍሬም ብቻ ከቀረጸ በአንድ ፍሬም 1.4 ሜትር አለፈ ማለት ነው፤ ስለዚህ የተራራቁ ምሰሶዎች ይሻላሉ። የመጨረሻውን ስሌት ለባለሙያ ተዉት።

ችግር፦ "ጨለማ ስለነበር አልታየኝም"

የስልክ የማታ ፎቶ ጨለማውን ያደምቀዋል፤ እሱን ይዛችሁ "ይኸው ብርሃን ነበር" አትበሉ። ይልቅ የትኛው የመንገድ መብራት እንደሚሠራና እንደማይሠራ በዚያው ሰዓት ሄዳችሁ መዝግቡ።

ችግር፦ የፍሬን ምልክቱ ርዝመት ከፎቶው አይታወቅም

ሜትር ዘርግታችሁ አንሱ፤ ከላይ፣ ቀጥ ብላችሁ።

ችግር፦ መኪናው ተጠግኖ ተገኘ

የኮፈኑን ጭርምታ፣ የተሰነጠቀውን መስታወትና ፓራውልቱን ጋራዥ ሳይገባ አንሱ። ምቱ በየት በኩል እንደነበር የሚታየው እዚያ ነው።

ችግር፦ ጉዳቱ ፎቶ ላይ ቀላል ይመስላል

የመጀመሪያ ቀን ብቻ ስለተነሳ ነው። በለዝ ቆይቶ ይወጣል፣ ቀለሙንም ይቀይራል። በተመሳሳይ ብርሃን በተከታታይ ቀናት አንሱ፣ ቀኑንም ጻፉ። ልብሱን ደግሞ፣ እባካችሁ፣ አትጠቡት። አድርቃችሁ ወረቀት ከረጢት ውስጥ አስቀምጡት፤ ላስቲክ ያሻግተዋል።