ሁሉም ወንድ ናቸው ወይ? ዶሮ ሲዳቀል የላባ ቀለም የሚያሳስትባቸው ቦታዎች

ሰሞኑን አንድ ጀማሪ አርቢ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ከማሽን የወጡት ጫጩቶች በሙሉ አናታቸው ላይ ነጭ ነጥብ አላቸው። ሁሉም ወንድ ናቸው ማለት ነው?» ሳቄን ዋጥ አደረግሁ። እኔም ያለፍኩበት ነዋ።

ሮድ አይላንድ ሬድ የሚባለውን ቀይ ዝርያ አውራ ኮኮክ ከሚባለው ገብስማ ዝርያ ሴት ጋር ካዳቀላችሁ ጫጩቶቹ ጥቁር ሆነው ይፈለፈላሉ። አናቱ ላይ ነጥብ ያለው ወንድ፣ የሌለው ሴት ነው። በተፈለፈሉበት ቀን ትለያላችሁ። ግን ልብ በሉ፣ አውራው ቀይ፣ ሴቷ ገብስማ! ገልብጣችሁ ኮኮክ አውራ ቀይ ሴቶች ላይ ከለቀቃችሁ ነጥቡ ሁሉም ላይ ይወጣል። ስንቴ ተናገርኩ! የዶሮ ነገር ከሰው የተገለበጠ ነው። በሰው የልጁን ፆታ የሚወስነው የአባት ዘር ነው፤ በዶሮ የእናት ነው። ወንዱ ሁለት ዜድ ክሮሞዞም (ዘረመል የሚሸከም ክር) አለው፤ ሴቷ አንድ ዜድና አንድ ደብልዩ። ገብስማ የሚያደርገው ዘረመል የተቀመጠው ዜድ ላይ ነው። እናት ያቺን አንድ ዜድ የምትሰጠው ለወንድ ልጆቿ ብቻ ነው፤ ሴቶቹ ደብልዩ ይደርሳቸዋል። አባት ግን ለሁሉም ያድላል። ንጹሕ ኮኮክ አውራ ሁለቱም ዜዱ ገብስማ ስለሆነ አንድም ልጁ አያመልጥም።

እኔ ይህን ሳላውቅ ነጥብ ያላቸውን ሁሉ «ወንድ ናቸው» ብዬ በርካሽ ሸጥኩ። ከወራት በኋላ አንዷ ገዢ መንገድ ላይ አገኘችኝና እንቁላሉን አመሰገነችልኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ቦቫንስ ብራውን ወይም ሎማን ብራውን የሚባሉትን ድቅል የእንቁላል ዶሮዎች ገዝቶ «ከራሴ አስፈለፍላለሁ» የሚልም አለ። እነዚህ ቡናማዋ ጫጩት ሴት፣ ነጣ ያለው ወንድ ተብለው የሚለዩት አባትና እናታቸው ተመርጠው ስለተዳቀሉ ነው። ልጆቹን እርስ በርስ ስታዳቅሉ መለያው ይጠፋል፤ ሁለቱም ቀለም በሁለቱም ፆታ ይወጣል።

ነጭ ዶሮን ቀለም የሌለው አድርጋችሁ አታስቡ። ነጭ መሸፈኛ ነው። ነጭ ሌግሆርን የሚባለው ዝርያ ከቀይ ጋር ቢዳቀል ልጆቹ ጠቃጠቆ ጣል ጣል ያለባቸው ነጮች ናቸው። እነሱ እርስ በርስ ሲዳቀሉ ግን የተደበቀው ቀለም ብቅ ይላል። ከሁለቱም ወላጅ ካልመጣ በቀር የማይታይ ሌላ ዓይነት ነጭም አለ። ሁለት ባለቀለም ዶሮዎች ነጭ ጫጩት ሲወልዱ የጎረቤት አውራ ይታማል። ምስኪን! ከአራት አንዱ ነጭ ይሆናል ሲባልም ከ8 ጫጩት የግድ 2 ነው ብላችሁ አትጠብቁ፤ አንድም ላይወጣ ይችላል።

አንዳንዴ ግን እውነትም ጥፋተኛው የጎረቤት አውራ ነው። ሴት ዶሮ የአውራውን ዘር ሆዷ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ታቆያለች። አውራ ከቀየራችሁ ቢያንስ 3 ሳምንት የጣለችውን እንቁላል ብሉት፣ አታሳቅፉት።

ለደወለልኝ ልጅ አንድም ጫጩት እንዳትሸጥ አልኩት። ወንዶቹ አንገታቸው ላይ ሹል ሹል ላባ እስኪያወጡ መቀለብ ነው እንግዲህ።