ፊልሙ ነጭ ሆኖ ቀረ? የትኛው ነጭ እንደሆነ ለዩ

ደሴ፣ ጠዋት 2 ሰዓት። ሁለት መስታወት መሃል የምሠራው፣ ሲሞቅ እንዲነጣ ሲቀዘቅዝ እንዲጠራ የታሰበ ስስ ፊልም ነው። ማታ እንደ ውሃ ጥርት ብሎ ተውኩት፣ ጠዋት ስገባ እርጎ መስሏል። የሁለት ሳምንት ሥራ አፈር በላ ብዬ ቆሜ ሳየው ጥበቃው አባባ በበሩ አንገታቸውን አስገቡና «አብሽር ልጄ፣ በርዶት ነው» አሉኝ። ሳቅኩ። ከዚያ አውራ ጣቴን መስታወቱ ላይ ጫን አድርጌ ትንሽ ቆየሁ። ሳነሳው የጣቴን ቅርጽ የያዘ ጥርት ያለ ክብ ወጣ። እውነታቸውን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት መስታወት መሃል ፈሳሽ ክሪስታል አለ፣ ውስጡ ደግሞ ጥቂት ፐርሰንት ብቻ የሆነ የፖሊመር (ፕላስቲክ መሰል) መረብ። ቀዝቀዝ ሲል ሞለኪውሎቹ መሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ እየተነባበሩ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ይሄ ስሜክቲክ ይባላል፣ ብርሃን ያሳልፋል። ሲሞቅ ንብርብሩ ይፈርስና መጠማዘዝ ይጀምራሉ፣ ኮለስተሪክ ይሆናል፣ ብርሃኑ ይበተናል፣ ፊልሙ ይነጣል። መረቡ ሥራው ሲቀዘቅዝ ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ መያዝ ነው።

ብዙ ሰው የሚጀምርበትን 8ሲቢ የሚባለውን ፈሳሽ ክሪስታል ውሰዱ። ከ21.5 ዲግሪ በታች ይረጋል። ከዚያ እስከ 33.5 ስሜክቲክ ነው። እስከ 40.5 ድረስ ያለው ነው የምንፈልገው ነጭ፣ መጠማዘዣ ቅመም ከተጨመረበት ማለት ነው። ከዚያ በላይ ተራ ፈሳሽ ይሆንና እንደገና ይጠራል። ሞኖመሩ (ሲጠነክር ፖሊመር የሚሆነው) እና ቅመሙ ሲገቡ ቁጥሮቹ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ስለዚህ የራሳችሁን ድብልቅ ለክታችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ሁለት ነጭ፣ ሁለት ጥርት አለ ማለት ነው። ግማሹ ጭቅጭቅ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ጠዋት ነጭ ከሆነ
ረግቶ ነው። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት እንደ ውርጭ መርፌ መርፌ ያለው፣ ጠርዙ የሚታይ ነገር ነው። በእጃችሁ አሙቁት፣ ከጠራ ምንም አልሆነም። ደሴ ላይ የሚውል የሚያድር ፊልም ከፈለጋችሁ ግን ንጹህ 8ሲቢ አይሆንም፣ ዝቅ ባለ ሙቀት የሚረጋ ቅልቅል ተጠቀሙ።

አሙቄውም አልነጣም
ወይ አልደረሰም፣ ወይ አልፏል። የሆት ፕሌቱን ቁጥር አትመኑ፣ የሙቀት መለኪያውን ጫፍ መስታወቱ ላይ ለጥፉት። የትኛው ጥርት እንደሆነ ለመለየት ፊልሙን በተሻገሩ ሁለት ፖላራይዘሮች (ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ማጣሪያዎች) መሃል አስገቡ። ቀጥ ብላችሁ ስታዩ ሁለቱም ጨለማ ናቸው፣ ልዩነቱ ዘንበል ስታደርጉት ነው የሚታየው። ብርሃን ብቅ ካለ ስሜክቲክ ነው፣ ገና አልሞቀም። እንዳለ ከጨለመ ፈሳሽ ሆኗል፣ ሙቀቱን ቀንሱ። ሙቀቱ ልክ ሆኖም ካልነጣ ፖሊመሩ በዝቷል፣ መረቡ ሞለኪውሎቹን ጠፍንጎ ይዟቸዋል። በሚቀጥለው ቀንሱት።

ነጣ፣ ሲቀዘቅዝ ግን አልተመለሰም
ይሄ ነው ጉዱ፣ እኔንም ሦስት ጊዜ አቃጥሎኛል። ፖሊመሩ በዩቪ መብራት የሚጠነክረው ፊልሙ ጥርት ባለበት ሰዓት መሆን አለበት፣ ምክንያቱም መረቡ ያን ሰዓት ያየውን አቋም ነው የሚይዘው። ችግሩ መብራቱ ራሱ ያሞቃል። እኔ 25 ዲግሪ ላይ ነኝ ብዬ ሻይ ልጠጣ ስወጣ ፊልሙ ከመብራቱ ሥር ሞቆ፣ ነጥቶ፣ በነጩ ጠንክሮ ቀረ። እንዲህ የሆነ ፊልም መድኃኒት የለውም፣ ጣሉት። በሚቀጥለው መብራቱን አርቁ፣ ማራገቢያ አድርጉ፣ የዩቪ መነጽር አጥልቃችሁ አጠገቡ ቁሙ። ዳመን ካለ ወዲያው አጥፉ።

ፊልሙን ከመጣላችሁ በፊት ግን አንድ ሙከራ አለ። እስኪፈስ አሙቁት፣ የኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር) ቮልቴጅ አስገቡ፣ ቮልቴጁን ሳታነሱ ቀስ ብላችሁ አቀዝቅዙ። ከጠራ መረቡ በነጩ አልጠነከረም ማለት ነው፣ ችግሩ ወይ መረቡ ሳስቷል ወይ ያቀዘቀዛችሁት በችኮላ ነበር። ዲሲ አታስገቡ፣ አዮኖቹን ወደ አንድ ጎን ሰብስቦ ፊልሙን ያበላሻል።

መጀመሪያ ሠርቶ በሳምንቱ ከተቀየረ
በዩቪ ስታጠነክሩት መሃል ላይ መብራት ሄዶባችሁ ነበር? ያልጠነከረ ሞኖመር ቀርቷል ማለት ነው፣ መስኮት አጠገብ ስታስቀምጡት ፀሐይ የቀረውን እንደፈለገች ትጨርሰዋለች። ጥርት ባለበት ሙቀት መልሳችሁ ዩቪ ስጡት። ዳር ዳሩ ብቻ ከዳመነ እርጥበት ገብቷል፣ ቀጣዩን በኢፖክሲ ሙጫ ዙሪያውን በደንብ ድፈኑ። ዥጉርጉር ከሆነ ስፔሰሩ (ሁለቱን መስታወት የሚያራርቀው ብናኝ) እኩል አልተበተነም ወይም ድብልቁ የገባው ሳይፈስ ነው፤ ሁልጊዜ ትኩስ እያለ አስገቡት።

አንድ ነገር ልጨምር። ደሴ ላይ የጠራውን ፊልም ላሳይ ብዬ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ከደሴው ብርድ ስትወጣ ሙቀቱ ፊትህን ነው የሚልህ፣ ፊልሙን ደግሞ መኪናው ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ስደርስ ነጭ። ሰዎቹ «ሲሞቅ ይነጣል ያልከው ይሄ ነው?» አሉኝ፣ «ነው» አልኩ፣ ግን እስኪጠራ ድረስ ጥላ ውስጥ ቁጭ ብዬ ልቤ ተንጠልጥሎ ነበር።